የማያመው እግር

ባለፈው ክረምት በቤታችን የሆነውን ላጫውታችሁ። ጊዜው ምሽት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ባለቤቴ ጫማው ርሶ ከአገልግሎት ስለ ተመለሰ፣ ቡና ከተፈላበት ከሰል ዳር ወንበር ስቦ እግሩን ያሞቃል። እኔ ወጥ ቤት ሳለሁ የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ። ሮጬ ስመጣ የቀኝ እግሩ ካልሲ ከምድጃው ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ይጨሳል። እርሱ ግን የእሑድ ስብከቱን ማስታወሻ በእርጋታ ያነብባል። «እግርህ!» ብዬ ስጮህ መጀመሪያ ቀና ብሎ ያየው እኔን እንጂ እግሩን አልነበረም።

ካልሲውን ስናወልቅ ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው ቆዳ አብሮ ተላጠ። እኔ አለቀስሁ። እርሱ ግን «አይዞሽ፣ ምንም አላመመኝም እኮ» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ቁስሉ ሳይሆን ይህ «አላመመኝም» የሚለው ቃል ነበር። ባለቤቴ ስኳር ካለበት አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ቀስ በቀስ ሳወጣጣው፣ እግሩ መደንዘዝ ከጀመረ ከዓመት በላይ እንደ ሆነ ነገረኝ። ለምን እንደ ደበቀኝ ስጠይቀው ሁለት ምክንያት ሰጠኝ። አንደኛው እኔ እንዳልጨነቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምእመናን ስለ እርሱ ጾመው ጸልየው ስለ ነበር፣ «እንዴት ነዎት ፓስተር?» ሲሉት «ደኅና ነኝ» ብሎ መልሶ ነበርና ቃሉን ማጠፍ ከበደው።

በማግስቱ ቁስሉን ያጠበችለት ነርስ በትሕትና፣ «ፓስተር፣ የሚያም እግር ቢኖርዎት ይሻል ነበር» አለችው። ይህች ቃል ከልቤ አልወጣ አለች። እኛ ሕመም እንዲወገድ ነው የምንጸልየው። ሕመም የሌለበት እግር እንዴት የከፋ ሊሆን ይችላል? ይህን ለመረዳት ስለ ነርቭ ማንበብ ጀመርሁ፤ ንባቡም የአንዲት ሴት ሳይንቲስት ታሪክ ላይ አደረሰኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመኝታ ቤት የተሠራ ላቦራቶሪ

ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ በ1909 በሰሜን ጣሊያን በቱሪን ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ፓኦላ የምትባል መንታ እኅት ነበረቻቸው፤ እርስዋ በኋላ ሠዓሊ ሆነች። አባታቸው መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ከፍተኛ ትምህርት ሴት ልጅን ለሚስትነትና ለእናትነት እንዳትመች ያደርጋታል ብለው ያምኑ ነበር። ሪታ ግን ሃያ ዓመት ሲሆናቸው ሕክምና ለመማር አባታቸውን ፈቃድ ጠየቁ። አባትየውም እያመነቱ ፈቀዱ። ሪታ በስምንት ወር ውስጥ የጎደላቸውን የላቲን፣ የግሪክና የሒሳብ ትምህርት አሟልተው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1936ም በከፍተኛ ማዕረግ በሕክምና ተመረቁ።

ያን ጊዜ ጣሊያንን ይገዛ የነበረው ሙሶሊኒ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስም ማንም እንዲያስታውሰን አያስፈልግም፤ ሪታ በተመረቁበት በዚያው ዓመት ነበር ጦሩ አዲስ አበባ የገባው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1938 ያው አገዛዝ በገዛ አገሩ አይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ ምክንያት ሪታ ከዩኒቨርሲቲ ሥራቸው ተባረሩ።

እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በመኝታ ክፍላቸው ትንሽ ላቦራቶሪ አቋቋሙ። የልብስ መስፊያ መርፌ እየሳሉ እንደ ቀዶ ሕክምና ምላጭ ተጠቀሙበት። የምርምራቸውም ዕቃ በእያንዳንዳችን ወጥ ቤት የሚገኘው የዶሮ እንቁላል ነበር። በእንቁላሉ ውስጥ በማደግ ላይ ያለውን የጫጩት ጽንስ በማጉያ መነጽር ያጠኑ ነበር። እርሳቸውም አይሁዳዊ በመሆናቸው ከሥራ የተባረሩት መምህራቸው ፕሮፌሰር ጁሴፔ ሌቪ፣ ወደ ተማሪያቸው ቤት መጥተው ረዳት ሆኑላቸው። ቱሪን በአውሮፕላን ስትደበደብ ቤተ ሰቡ ወደ ገጠር ሸሸ። ሪታም በብስክሌት ከኮረብታ ኮረብታ እየዞሩ፣ ለልጆቻቸው የሚሆን መስለው ከገበሬዎች እንቁላል ይለምኑ ነበር። አውራ ዶሮ ያለበትን ቤትም ይጠይቁ ነበር፤ ጽንስ ያለበት እንቁላል ያስፈልጋቸው ነበርና። ልጅ ግን አልነበራቸውም፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሳያገቡ ኖረዋል።

ያልተቀበሉት ነርቭ ይሞታል

ሪታ የተነሡበት ጥያቄ ቪክቶር ሃምበርገር ከተባሉ ጀርመን ተወላጅ ተመራማሪ የመጣ ነበር። እርሳቸው በ1934 ባወጡት ጽሑፍ፣ በእንቁላል ውስጥ ካለ ጽንስ ላይ ገና ሊያድግ ያለውን ክንፍ ወይም እግር ቢያስወግዱት፣ ወደዚያ አካል የሚሄዱት በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ያሉ የነርቭ ሴሎች እጅግ እንደሚያንሱ አሳይተው ነበር። ሃምበርገር ምክንያቱን ሲያስቡ፣ «ከአካሉ የሚመጣ ጥሪ ስለ ቀረ ሴሎቹ ከመጀመሪያው ነርቭ ሳይሆኑ ቀሩ» የሚል ግምት ነበራቸው።

ሪታ በመኝታ ቤታቸው ያንኑ ሙከራ ደገሙትና ጽንሱን በየቀኑ ተመለከቱ። ያገኙት ግን ሌላ ነበር። የነርቭ ሴሎቹ ተፈጥረዋል። እንደ ወጉ ክራቸውንም ዘርግተው ጉዞ ጀምረዋል። ከደረሱበት ቦታ ግን የሚቀበላቸው አካል አልነበረም፤ ስለዚህ ሞቱ። ነርቭ ለመኖር ከተቀባዩ የሚያገኘው አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ምን ይሆን?

በ1943 የጀርመን ጦር ጣሊያንን ሲይዝ ሪታና ቤተ ሰባቸው በሐሰት ስም ፍሎረንስ ተሸሸጉ፤ በሕይወትም ተረፉ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ሃምበርገር ራሳቸው በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ወደሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋበዟቸው። ለጥቂት ወራት ሄደው እዚያ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ሠሩ።

ሪታ በዚያ ከአይጥ የተወሰደ አንድ ዓይነት የካንሰር ዕጢ በጫጩት ጽንስ ላይ ሲደረግ ነርቮች ያለ ልክ እንደሚያድጉ አስተዋሉ። ዕጢው ከጽንሱ ውጭ፣ በደም ሥር ብቻ በሚገናኝበት ሽፋን ላይ ቢቀመጥም ውጤቱ ያው ነበር። ስለዚህ ከዕጢው የሚፈልቅ፣ በደም የሚጓዝ ንጥረ ነገር አለ ብለው ደመደሙ። በ1952 ዕጢ ያለባቸውን ሁለት አይጦች ይዘው በአውሮፕላን ወደ ብራዚል ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሄዱ። በዚያ በነበረ ላቦራቶሪ ውስጥ የነርቭ ቁራጭን ከዕጢው ቁራጭ አጠገብ በብርጭቆ ውስጥ አኖሩ። ከነርቩ ዙሪያ እንደ ፀሐይ ጨረር የነርቭ ክሮች ወጡ።

በ1953 ስታንሊ ኮኸን የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ንጥረ ነገሩን ለይተው ለማውጣት አብረዋቸው መሥራት ጀመሩ። አንድ ቀን ለማጣሪያ ብለው ጥቂት የእባብ መርዝ ጨመሩበት። የሚገርመው፣ መርዙ ራሱ ከዕጢው እጅግ አብልጦ ነርቭ የሚያሳድገው ንጥረ ነገር ነበረበት! የእባብ መርዝ የሚወጣው ከምራቅ ዕጢ ጋር ከሚመሳሰል ዕጢ ነው፤ ስለዚህ ወደ አይጥ ምራቅ ዕጢ ዞሩ፤ እዚያም በብዛት አገኙት። ስሙን «የነርቭ ማሳደጊያ ንጥረ ነገር» አሉት፤ በምሕጻር «ኤን ጂ ኤፍ» ይባላል። ይህን ንጥረ ነገር የሚያግድ መድኃኒት በአራስ አይጦች ላይ ሲወጉ፣ ልብንና ላብን የመሳሰሉትን የሚቆጣጠሩት ነርቮች ከሞላ ጎደል ጠፉ። በ1986 ሁለቱ ሳይንቲስቶች የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሪታ በ2001 የጣሊያን የዕድሜ ልክ ሴናተር ተደርገው ተሾሙ፤ በ2012 መጨረሻ በ103 ዓመታቸው ሮም ውስጥ ዐረፉ። እርሳቸው ሃይማኖተኛ እንዳልነበሩ አልደብቃችሁም። ነገር ግን በትዕግሥት የተመለከቱት ያ ድንቅ ሥራ በሰው እጅ የተሠራ አይደለም።

አሁን ነገሩን በአጭሩ እንዲህ ልበለው። በጽንስ ጊዜ ነርቮች ከሚያስፈልገው በላይ በዝተው ይፈጠራሉ። እያንዳንዱ ክሩን ወደ ቆዳ፣ ወደ ጡንቻ ይዘረጋል። ተቀባዩ አካል ጥቂት፣ እጅግ ጥቂት መጋቢ ንጥረ ነገር ያወጣል። ነርቩ በጫፉ ተቀብሎ ረጅሙን መንገድ ወደ ሴሉ ይመልሰዋል። ያገኘ ይኖራል፤ ያላገኘ ይሞታል። በብዙ የሰውነት ክፍል ከተፈጠሩት ግማሽ ያህሉ በዚህ መንገድ ይጠፋሉ። ኤን ጂ ኤፍ በተለይ ሕመምንና ሙቀትን የሚሰሙትን ነርቮች ይመግባል፤ ሌሎች ነርቮችም የየራሳቸው መጋቢ አላቸው።

የሚመግበውና የሚያሳምመው አንድ ነው

ወገኖቼ፣ እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሰው ካደገ በኋላ ይኸው ንጥረ ነገር ሌላ ሥራ አለው። ሰውነት ሲቆስል በዚያ ቦታ ይበዛና ነርቩ ይበልጥ እንዲሰማው ያደርጋል። የቆሰለ ጣት ሲነኩት የሚያንገበግበው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እኛም ስለሚያመን እንጠብቀዋለን። ነርቭን በሕይወት የሚያኖረውና ሕመምን የሚያበረታው አንድ ነገር ነው።

ያለ ሕመም መኖር ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ ሕፃናት አሉ። በ1996 ተመራማሪዎች፣ ሕመም የማይሰማቸውና ላብ የማያልባቸው አንዳንድ ልጆች ይህን ንጥረ ነገር የሚቀበለው የነርቭ «በር» ከውልደት የተበላሸባቸው መሆኑን ደረሱበት። እነዚህ ልጆች ምላሳቸውንና ጣታቸውን ይነክሳሉ፤ አጥንታቸው ተሰብሮ ይሮጣሉ። እናቶቻቸው ልጃቸው አለማልቀሱ ያስጨንቃቸዋል።

የመድኃኒት ኩባንያዎችም ነገሩን በሁለቱም አቅጣጫ ሞክረውታል። አንደኛው፣ ንጥረ ነገሩን በማገድ የመገጣጠሚያ ሕመምን ለማስታገስ ነበር። ሕመሙ በርግጥ ቀነሰ፤ ነገር ግን በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ መገጣጠሚያው በፍጥነት ሲበላሽ ታየ። በ2010 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ሙከራዎቹን አስቆመ። ሙከራው በኋላ ቢቀጥልም በ2021 የባለሙያዎች ጉባኤ መድኃኒቱ እንዲፈቀድ አልደገፈም። ሁለተኛው መንገድ ንጥረ ነገሩን በመርፌ መስጠት ነበር፤ ይህን ሳነብ ልቤ ዘለለ፤ ምክንያቱም የተሞከረው ልክ እንደ ባለቤቴ ባሉ፣ ስኳር ነርቫቸውን በጎዳባቸው ሰዎች ላይ ነው። 1019 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ውጤት በ2000 ታተመ። ጥቅሙ ሊረጋገጥ አልቻለም፤ ብዙዎቹም የተወጉበት ቦታ አሞአቸዋል። ተስፋዬ ወደቀ።

ይሁን እንጂ ድካሙ ከንቱ አልቀረም። የዐይናችን ፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን ነርቩ ሲጎዳ ቁስሉ አይድንም፤ ታማሚውም ስለማያመው ቶሎ አያውቅም። ለዚህ ሕመም ኤን ጂ ኤፍ በጠብታ መልክ ተዘጋጅቶ በ2017 በአውሮፓ፣ በ2018 በአሜሪካ ተፈቅዷል። በመኝታ ቤት በመስፊያ መርፌ የተጀመረው ሥራ የሰው ዐይን እስከ ማዳን ደረሰ።

ስለ እግር እንነጋገር

በስኳር በሽታ በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ነርቩንም፣ ነርቩን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ረጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጎዱ መደንዘዙ ከእግር ጣት ይጀምራል። በአደጋ የተቆረጠ የእጅ ወይም የእግር ነርቭ፣ ሴሉ ከኖረና መንገዱ ካልተዘጋ፣ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እንደ ገና ያድጋል። የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቭ ግን እንዲህ በቀላሉ አያድግም። በስኳር የደነዘዘ እግርም አብዛኛውን ጊዜ ስሜቱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ስኳርን በመቆጣጠር ግን እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል።

ይህን ትምህርት በተግባር ያስተማሩን የሚሲዮናውያን ልጅ የነበሩት ዶክተር ፖል ብራንድ ናቸው። በሕንድ አገር ቬሎር በተባለው ቦታ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ሲያክሙ፣ የሕመምተኞቹ ጣት በደዌው በስብሶ የሚወድቅ ሳይሆን ስሜት በማጣቱ በየቀኑ እየተቃጠለና እየተቆረጠ የሚያልቅ መሆኑን አስተዋሉ። በሌሊት ሲተኙ አይጥ ጣታቸውን ይበላ የነበረ ሕመምተኞችም ነበሩ፤ ስለማያማቸው አይነቁም። መፍትሔው ድመት ማሳደር ሆነ! እርሳቸው ለሥጋ ደዌ ያጠኑት የእግር አጠባበቅ በኋላ ለስኳር ሕመምተኞችም ጠቅሟል።

በቤታችሁ ስኳር ያለበት ካለ እባካችሁ ይህን አድርጉ።

እግሩን በየምሽቱ በብርሃን እዩ፤ በጣቶቹ መካከልና ተረከዙን ጭምር። ብቻውን የሚኖር ከሆነ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጦ ይመልከት።

የመታጠቢያውን ውኃ ሙቀት በእግር ሳይሆን በክርን ለኩ። ክርኑም ከደነዘዘ ሌላ ሰው ይለካለት።

ጫማ ከማድረጉ በፊት ውስጡን በእጅ ይዳስስ። ትንሽ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ብትወጋው አያውቃትም።

በባዶ እግር አይሂድ፤ ቤት ውስጥም ቢሆን። ከሰልና የሞቀ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ወደ እግሩ አይቅረብ።

ቁስል ወይም የቀለም ለውጥ ሲታይ «አያምም» ብላችሁ አትቆዩ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። መድኃኒት መውሰድ ጸሎትን መተው አይደለም፤ ጸሎትም ኪኒን የሚያስጥል አይደለም።

የደነዘዘ ትዳር

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ይህን መጻፍ ቀላል ባይሆንልኝም። ባለቤቴ የእግሩን ነገር በደበቀበት በዚያው ዓመት እኔ በሴቶች ኅብረት ስለ ትዳር አስተምር ነበር። «ከባለቤቴ ጋር ከተጋጨን ዓመት አልፎናል» ብዬ መስክሬአለሁ። እውነት ነበር፤ አልተጋጨንም። ግን ምንም አልተነጋገርንም ነበር ለካ!

ስለ ነርቩ ሳነብ አንድ ነገር ወጋኝ። ነርቭ የሚሞተው ከወዲያኛው በኩል የሚመለስለት ነገር ሲያጣ ነው። ባለቤቴ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ሊነግረኝ ሞክሮ ያውቃል። «ድካም ይሰማኛል» ሲለኝ «በኢየሱስ ስም አይሆንም!» ብዬ አፉን እዘጋው ነበር። «ዐይኔ ደከመ» ሲለኝ «አፍህን ለመልካም ተናገርበት» እለው ነበር። እምነት መስሎኝ ነበር። ለካ ሰውየው ክሩን ዘርግቶ ወደ እኔ ሲመጣ ተቀባይ አላገኘም፤ ስለዚህ መዘርጋቱን ተወ። ቤታችን ያገኘው ሰላም መስሎኝ የነበረው መደንዘዝ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ አንድ አካል ብዙ ብልቶች ሲጽፍ፣ የአንዱ ብልት ሕመም ለሌሎቹ እንዲሰማ አድርጎ ነው የጻፈው። ይህን ክፍል ኮሌጅ ሳለሁ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ያኔ የሚሰማ አካል ጤናማ አካል መሆኑን ልብ አላልሁም። እኅቴ ሆይ፣ ባልሽ «ከፋኝ» ሲልሽ መልስ ለመስጠት አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ተቀበዪው። ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህ ስታለቅስ አሁንም ይሰማታል ማለት ነው፤ ያላለቀሰችበትን ጊዜ ፍራ።

ባለቤቴ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «ስኳሩ አለብኝ፤ እግሬ ደንዝዟል፤ ደኅና ነኝ ያልኋችሁ እውነት አልነበረምና ይቅር በሉኝ፤ አሁንም ጸልዩልኝ» አለ። ጉባኤው ጸጥ አለ። እኔ «አገልግሎቱ አበቃለት» ብዬ ፈርቼ ነበር። ከአገልግሎት በኋላ ግን ሦስት አባቶች አንድ በአንድ ወደ እርሱ ቀርበው የእነርሱም እግር እንደ ደነዘዘ ነገሩት። አንደኛው ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም ነበር።

ቁስሉ ለመዳን አራት ወር ፈጀ፤ ጣቱ ተርፏል፤ ጌታ ይመስገን። ስሜቱ ግን አልተመለሰም። በየምሽቱ ከእራት በኋላ እግሩን አጥቤ፣ በብርሃን አይቼ፣ ዐይኑን አስጨፍኜ ጣቶቹን በጥጥ እነካለሁ። «ተሰማህ?» እለዋለሁ። «እዚህ አልተሰማኝም» ይለኛል። እኔም ዝም ብዬ እሰማዋለሁ።